ሰላምታ የመዘገብኩበት ደብተር

ስድስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ መድኃኒት ስውጥ ቆይቻለሁ። ታምሜ የነበረው በሳንባ ነቀርሳ፣ ሰው ሁሉ ቲቢ በሚለው በሽታ ነው። ዛሬ ድኛለሁ። ይህን የምጽፈው ግን መዳኔን ለማብሰር ብቻ አይደለም። ሕመሜ ሦስት ወር ያህል ሳይታወቅ እንዲቆይ እኔም እንዳገዝኩ ለመናገር ነው። ሰው ላለማስቸገር ሲል «ደህና ነኝ» ማለት የለመደ ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ከእናቴ ጋር ነው። ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ፒያሳ አካባቢ ባለች ጠባብ ሱቅ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ በተሰጠ ሥልጠና ነው። ጤና ጣቢያው ቤት ለቤት እየዞሩ የአረጋውያንን የጤና መዝገብ የሚይዙ በጎ ፈቃደኞች ይፈልግ ነበር። አረጋውያኑ ቀጠሮ ይረሳሉ፣ የመድኃኒታቸውን ስም አያውቁም፣ ካርዳቸው ይጠፋል። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ታሪካቸውን የሚናገርላቸው ወረቀት እንዲኖር ታስቦ ነው። ለሦስት ቀን ሠለጠንን። ለእያንዳንዳችን ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ተሰጠንና በማስመሪያ ዓምዶች አሰመርን፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የታወቀ ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ቀጠሮ፣ በመጨረሻም «የዛሬ ሁኔታ»። የእኔ መስመሮች ቀጥ ያሉ ስለነበሩ አሠልጣኛችን ሲስተር ትዕግሥት ደብተሬን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየች። እንዲህ ያለ ምስጋና በጣም ደስ ይለኛል። ጥፋቴም ከዚሁ ይጀምራል።

በሁለተኛው ቀን ሲስተር ከአንዷ ሠልጣኝ ነጠላ ተውሳ ተከናነበችና እንደ አሮጊት ጎንበስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «በሉ መዝግቡኝ» አለች። የወጣሁት እኔ ነበርኩ።

«እንደምን አሉ፣ እማማ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የዛሬ ሁኔታ» በሚለው ዓምድ ሥር «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ጻፍሽ?»

«ደህና።»

«እኔ እኮ እግሬ አብጦ ሦስት ቀን አልተኛሁም» አለች ጉልበቷን እያሻሸች። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና ነጠላውን ከራሷ ላይ አወረደች። «የጻፍሽው ሰላምታዬን ነው። ሕመሜን ገና አልጠየቅሽኝም። እናቶቻችን አልጋ ላይ ወድቀውም ቢሆን ደህና ነኝ ነው የሚሉት፤ ጨዋነት ነው። ሰላምታውን ተቀበሉ፤ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። እንቅልፍ እንዴት ነው? ሳል አለ? ከመቼ ጀምሮ? መድኃኒቱን ያሳዩኝ በሉ፤ ስሙን ከማሸጊያው ላይ ፊደል በፊደል ገልብጡ።»

ይህን ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። እኔ ራሴ በዚያን ጊዜ ማሳል ከጀመርኩ ሳምንት አልፎኝ ነበር። በሻይ ዕረፍት ሲስተር «አሞሻል እንዴ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው» አልኳት።

ጉንፋኑ አልለቀቀኝም። ወደ ማታ ሲል ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ጠዋት ስነሳ ትራሴና የሌሊት ልብሴ በላብ ርሰው አገኛቸዋለሁ። አንሶላውን እናቴ ከመነሳቷ በፊት አጥቤ አሰጣለሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለውን እየጻፍኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

መጀመሪያ የሄድኩት መሃል ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። በላስቲክ ወንበሮች ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን። የላቦራቶሪዋ ትንሽ መስኮት በተከፈተች ቁጥር ሁላችንም ቀና እንላለን፤ ስሙ ያልተጠራው እንደገና ያቀረቅራል። ሐኪሙ ፈጣን ሰው ነበር። «ሳል አለሽ?» አለኝ። «ትንሽ፣ ጉንፋን ነገር ነው» አልኩት። የደም ምርመራው ታይፎይድ አለ ተባለ። መድኃኒት ሰጠኝ፤ በአራተኛው ቀን ተሻለኝ፤ እማዬም «ጌታ ይመስገን» አለች። መድኃኒቱ ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ።

ሁለተኛው ክሊኒክ «ታይፎይዱ አገርሽቶ ነው» አለኝ። ሌላ መድኃኒት፤ እንደገና ለጥቂት ቀን መሻል፤ እንደገና ላብ። ሦስተኛው ደም ማነስና ጨጓራ ነው አለኝ። ሦስቱም ጋ አዲስ ካርድ አወጣሁ። ለአንዱም ቀደም ሲል ሌላ ቦታ እንደታከምኩ አልነገርኩም፤ የቀድሞውን ሐኪም ማማት ይመስለኝ ነበር። የመድኃኒቱን ማሸጊያ እናቴ እንዳታየው እየጣልኩ፣ ወረቀቱን እየቀደድኩ፣ ስምንት አረጋውያን ቤት እየዞርኩ «ማሸጊያውን አይጣሉ፣ እማማ» እላለሁ።

ከእናቴ ግን መደበቅ አልተቻለም። ዓይኗ የልብስ ሰፊ ዓይን ነው። አንድ ቅዳሜ ጉርዴን ስታጠብብልኝ ሜትሯን ወገቤ ላይ እንደያዘች ቆመች።

«ይሄን ጉርድ ባለፈው አጥብቤዋለሁ» አለች።

«ሰፍቶ ይሆናል።»

«ጨርቅ በራሱ አይሰፋም። ምሕረት፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ? ወንድ ነው?»

«ምንም የለም፣ እማዬ። ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው ወገቡ በሁለት ወር አራት ጣት አይቀንስም።» መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችና ወደ ጓዳ ገባች። ለብዙ ቀን ስለ ምግብ ብቻ ነበር የምናወራው፤ ብዪ፣ አልበላም።

ከስምንቱ አረጋውያን ሁለቱን መጥቀስ አለብኝ። አንዱ አባባ ላንቃሞ ናቸው፤ የቀድሞ ሾፌር፣ የደም ግፊት ያለባቸው፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ። ሌላዋ እማማ አስካለ ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው። እማማ አስካለ ጡረታ የወጡት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ሥራቸው የተሸመነውን ጨርቅ በብርሃን ፊት እያሳለፉ ግድፈት መፈለግ ነበር። ስመጣ «ጸሐፊዋ፣ ግቢ» ይሉኛል። ገብቼ ስቀመጥ ሁልጊዜ መስኮቱን ይዘጋሉ። «ንፋስ እንዳይመታሽ፣ ላብ ላይ ነሽ» ይላሉ። በተዘጋው ክፍል ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠን ግማሽ ሰዓት እናወራለን።

በመጀመሪያዎቹ ጉብኝቶች የተባልኩትን ሁሉ ጠየቅሁ። በኋላ ግን እየደከመኝ ሄደ። በር ላይ «እንደምን አሉ?» እላለሁ፤ «ደህና ነኝ» ይሉኛል፤ በሚያምር ጽሕፈት «ደህና» ብዬ ወደ ቀጣዩ ቤት እሄዳለሁ።

በሦስተኛው ወር መጀመሪያ ሲስተር ትዕግሥት ደብተሮቻችንን ሰብስባ አየች። የእኔን ገጽ በገጽ ገለጠች። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር።

«ጽሕፈትሽ ደስ ይላል» አለች። «ግን ስምንት ሰው በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አላመመውም? ይህን ለሐኪም ባሳየው ምን ያደርግበታል? በዚህ ሳምንት ሁሉንም እንደ አዲስ ጠይቂያቸው።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ከእማማ አስካለ ጀመርኩ። መስኮቱን ዘጉ፤ ተቀመጥን፤ ሰላምታውን ተቀበልኩና አንድ በአንድ ጠየቅሁ። እግራቸው ጣቶች ጋ ይደነዝዛቸዋል። የግፊት መድኃኒታቸው ባለፈው ቀጠሮ ተቀይሮላቸዋል፤ ማሸጊያውን አምጥተው ስሙን ፊደል በፊደል ገለበጥኩ።

«ሳል አለዎት?»

«አለኝ። ደረቅ ነው፤ ጉሮሮዬን ይበላኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እንጃ፤ ሰሞኑን ነው። አንቺ ታውቂ የለ? ትጽፊ አልነበረም?»

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት የራሴ ሳል ያዘኝ። እንባዬ እስኪመጣ አሳለኝ። እማማ አስካለ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ፤ የፋብሪካውን ጨርቅ እንደዚህ ነበር የሚያዩት ብዬ አሰብኩ።

«ይህስ ስንት ጊዜው ነው?»

«ጉንፋን ነው፣ እማማ።»

«እኔን ከመቼ ጀምሮ ብለሽ አስጨንቀሽኛል። ጉንፋን መልስ አይደለም። በዚህ ሙቀት ሹራብ ለብሰሽ ነው የምትመጪው። መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ያቺን ወንበር ሞልተሽ ነበር የተቀመጥሽው፤ ዛሬ እይው፣ ለሌላ ሰው ቦታ አለ።» ጣታቸውን ደብተሬ ላይ አደረጉ። «ስምንት ሰው ነው ያለሽ አይደል? ዘጠነኛ ገጽ አስምሪ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የአረጋውያን ነው።»

«አሁን እንኳን ከእኔ ይልቅ አሮጊት የምትመስይው አንቺ ነሽ። አስምሪ አልኩሽ።»

አሰመርኩ። ስም፣ ምሕረት። ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ። ሳል፣ ከሥልጠናው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ጀምሮ። ላብ፣ በየሌሊቱ። ክብደት፣ ወገብ አራት ጣት። መድኃኒት፣ የመጀመሪያው፤ ተሻለኝ፤ ተመለሰ። ሁለተኛው፤ ተሻለኝ፤ ተመለሰ። ስሞቻቸውን አላውቃቸውም፤ ማሸጊያዎቹን ጥያለሁ። ያ ገጽ የሌላ ሰው ቢሆን አንብቤው «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» እል ነበር።

ሄድኩ። ሲስተር ትዕግሥት ገጹን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይህን ለክሊኒኮቹ ነግረሻቸዋል?»

«ሲጠይቁኝ ትንሽ ነው እላቸዋለሁ።»

ከመሳቢያዋ ማስክ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ተነስታም መስኮቱን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በማግስቱ ጠዋት ከሕንጻው ጀርባ ሜዳው ላይ ቆሜ ከደረቴ በጥልቀት አሳልኩና አክታዬን በትንሽ ዕቃ አስረከብኩ። ውጤቱ እስኪመጣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች እናት ማስኬን አይታ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጎኗ አዞረችው። አልተቀየምኳትም።

የጤና ጣቢያው ሐኪም ቲቢ መሆኑን ነገረኝ። ለታይፎይድ ከተሰጡኝ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ቲቢውን ለጊዜው ዝም ሊያሰኙት እንደሚችሉ፣ በመካከል የተሻለኝ ለዚያ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኝ። በሽታው ይድናል፤ መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ስድስት ወር ሳያቋርጡ መዋጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በጥሞና ሰማሁ። ቀጥሎ ያለው ግን ለራሴ መፍራቴን አስረሳኝ።

«በእነዚህ ወራት በተዘጋ ቤት ውስጥ አብረሻቸው የቆየሽው እነማን ናቸው?»

ደብተሬን አወጣሁ። ስም፣ አድራሻ፣ የጎበኘሁበት ቀን፤ ሁሉም በቀጥታ መስመሮች ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ እየገለጠ እማማ አስካለ ጋ ደረሰና የመጨረሻውን መስመር በጣቱ ያዘ።

«እኚህ ሴትዮ ያስላቸዋል። ስኳርም አለባቸው፤ ስኳር ያለበት ሰው ለቲቢ ይበልጥ ይጋለጣል። ሳሉ መቼ ነው የጀመረው?»

ወደ ላይ ፈለገ። «ደህና።» ከዚያ በላይም «ደህና።» ሳላቸው ከእኔ በፊት የነበረ ይሁን ወይም ከእኔ የመጣ፣ ያ ደብተር ሊነግረን ይገባ ነበር። የተሠራው ለዚያ ነው።

«አልጠየቅኋቸውም ነበር» አልኩ። «ሰላምታቸውን ነው የጻፍኩት።»

ሲስተር ትዕግሥት በሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር።

መድኃኒት ጀመርኩ። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ብርቱካናማ ሆነ፤ አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም። ዩኒቨርሲቲ መሄድ ስላልቻልኩ ሴሚስተሩን አቋረጥኩ፤ አሁንም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆንኩት ለዚህ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ቀን ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለየችው። ሲስተር ቤታችን መጥታ በሽታው በሳህን እንደማይተላለፍ፣ በአየር መሆኑን፣ ዋናው መስኮት መክፈት እንደሆነ ስትነግራት እማዬ ተነስታ ሳህኑን ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የስፌት መኪናዋን ከሱቅ ወደ ቤት አስመጥታ በረንዳው ላይ፣ በተከፈተው መስኮት በኩል እያየችኝ ትሰፋ ነበር።

«ወንድ ነው ስልሽ ምን አስበሽ ይሆን» አለችኝ አንድ ቀን፣ ቀና ሳትል።

«ወንድ ቢሆን ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ።»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። እሷም ተመርምራ ነጻ ሆነች።

እማማ አስካለ ግን ውጤታቸው ቶሎ አልመጣም። ሳላቸው ደረቅ ስለሆነ የሰጡት አክታ ለምርመራ አልበቃም፤ ይድገሙ ተባሉ። ከዚያ ለራጅ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። እኔ ልሄድላቸው አልችልም፤ ደውዬ እንኳን ምን ልበላቸው? ስልክ ቁጥራቸውን አወጣና መልሼ እተወዋለሁ። የምተኛበት ክፍል መስኮት ሲንኳኳ እሳቸው የሚዘጉት መስኮት ድምፅ ይመስለኛል። የራሴን ክኒን ስውጥ ሰባ አራት ዓመታቸው እንደሆነ፣ ክኒኖቹ ለእኔም እንኳን ከባድ እንደሆኑ አስባለሁ። ሌሎቹ ስድስት አረጋውያን ተመረመሩና ምንም አልተገኘባቸውም። አባባ ላንቃሞ አልመረመርም ብለው ቆይተው በልጃቸው ግፊት ሄዱ፤ ደህና ሆኑ። እዚህ ላይ ደህና ያልኩት ተመርምረው ነው።

ለራጅ በተላኩ በስምንተኛው ቀን እማማ አስካለ ራሳቸው ደወሉ።

«ጸሐፊዋ፣ በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ፣ እማማ። እርስዎስ? ውጤቱ…»

«ራጁ ንጹሕ ነው። አክታውም ንጹሕ ነው፤ ያን ዕቃ ለመሙላት ያየሁትን አበሳ ግን አልነግርሽም።»

እሳቸው ቀጠሉ። «ሐኪሙ ደብተርሽን አዩት። ያቺ ከማሸጊያው ላይ የገለበጥሻት ስም፣ የግፊት መድኃኒቷ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ታመጣለች አሉ። ቀይረውልኛል። ሳሉ ከሄደ እሷ ናት፤ ካልሄደ እንደገና እንፈልጋለን ብለዋል። በየጊዜውም ይመረምሩኛል።»

ሳሉ በሦስተኛው ሳምንት ለቀቃቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ረጅም ሰዓት ያለቀስኩት ግን በደወሉበት ቀን ነው፤ ገና ሳይለቃቸው። ከደብተሩ ሁሉ የጠቀመቻቸው በትክክል የተጻፈችው አንዷ መስመር ብቻ ናት።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። ወደ ሌላ ሰው እንደማላስተላልፍ ከተነገረኝ በኋላ፣ በሲስተር ፈቃድ ይቅርታ ለመጠየቅ ወደ አባባ ላንቃሞ ሄጄ ነበር። ልጃቸው በሩን አልከፈተችልኝም። እሳቸው ከውስጥ ሆነው «ልጄ፣ ጠልቼሽ አይደለም። ፈርቼ ነው» አሉኝ። «ልክ ነዎት፣ አባባ» ብዬ ተመለስኩ። አሁን መዝገባቸውን የምትይዝላቸው ሌላ በጎ ፈቃደኛ ናት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከሩቅ ባርኔጣቸውን ያነሱልኛል።

ይህን የምታነቡ፣ ሳላችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ሌሊት የሚያልባችሁና ክብደታችሁ የቀነሰ ከሆነ፣ አንድ ውለታ ልለምናችሁ። ሐኪሙን ለማስደሰት አትመልሱ። ከዚህ በፊት የት እንደታከማችሁ፣ ምን እንደወሰዳችሁ ጽፋችሁ ያዙ። መዝገብ የምትይዙ ወጣቶችም የእኔን ውብ ጽሕፈት አስታውሱ።

የመጨረሻውን ክኒን በሲስተር ትዕግሥት ፊት ውጬ፣ የመጨረሻው የአክታ ውጤት ነጻ መሆኔን ካረጋገጠ በኋላ ቀጥታ የሄድኩት እማማ አስካለ ቤት ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ «ተዪው» አሉኝ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ደብተሩን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን አወረዱና ዘጠነኛውን ገጽ ገለጡ።

«ዛሬ ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። እስክሪብቶ ስጪኝ። እንደምን አለሽ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሺ። አሁን ልጠይቅሽ። እንቅልፍ?»

እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ላብ፣ ወገብ፤ አንድም አልዘለሉም። ወገቤን በተመለከተ ተነስቼ እንድዞር አዘዙኝ። ከዚያ ፊደሎቹን እያንዳንዳቸውን እየተጫኑ፣ መስመሬን እየሳቱ ጻፉ። ደብተሩን ሲመልሱልኝ አነበብኩት።

«ሳል፣ የለም። ጠይቄአታለሁ።»